የሳተላይት ራዲዮ ወደ ስማርት ስልክ የተሻገረበት ታሪክና ለትምህርት ሥርጭት የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

አንድ የመገናኛ ዘዴ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ስሙ ሳይለወጥ አሠራሩ ፈጽሞ ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 2009 በአሜሪካ የሚገኘው ሲሪየስ ኤክስኤም የተባለው የሳተላይት ራዲዮ ኩባንያ በአይፎን ስልክ ላይ የሚሠራ መተግበሪያ ባወጣ ጊዜ የታየው ይኸው ነው። አድማጩ በስልኩ መስታወት ላይ የሚያየው የሳተላይት ራዲዮ ስም ነበር፤ ወደ ጆሮው የሚደርሰው ድምፅ ግን በቀጥታ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ድምፁ በኢንተርኔት መስመር ተጉዞ በስልክ ኩባንያው ማማ ወይም በቤት ውስጥ ባለ ዋይፋይ በኩል የሚደርስ ነበር። ስልኩ የሳተላይቱን ሞገድ የሚቀበልበት ክፍል በውስጡ አልነበረውም።

ይህ ልዩነት የቴክኒክ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትምህርትን በራዲዮ ለማዳረስ ለሚያስቡ ሁሉ መሠረታዊ የሆነ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ድምፁ የሚጓዝበት መንገድ ሲለወጥ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ከመንገዱ ውጭ የሚቀረውስ ማን ነው? የሚለው ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሳተላይት ራዲዮ አነሣሥና ወደ ኪስ ስልክ የተሻገረበት ሁኔታ በቅደም ተከተል ይቀርባል።

የሐሳቡ መነሻ

ድምፅን ከሳተላይት በቀጥታ ወደ አነስተኛ ራዲዮ የማስተላለፍ ሐሳብ በተግባር መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1992 በስፔን አገር በቶሬሞሊኖስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ ለዚሁ አገልግሎት የሚውል የሞገድ ክልል መደበ። በዚሁ ክልል ለመጠቀም ቀድመው ከተነሡት አንዱ ዎርልድስፔስ የተባለው ኩባንያ ነበር። ኩባንያውን በ1990 በዋሽንግተን ያቋቋሙት ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት በአዲስ አበባ የተወለዱት ኖህ ሳማራ ናቸው። የሐሳቡ መነሻ በወቅቱ በአፍሪካ ይስፋፋ ስለነበረው የኤድስ በሽታ ለሕዝቡ በቂ ዕውቀት የሚያደርስ መሣሪያ አለመኖሩ ነበር።

የኩባንያው የመጀመሪያ ሳተላይት አፍሪስታር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1998 በደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው የኩሩ ማዕከል በአሪያን ሮኬት ተወነጨፈች። ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ከመሬት ጋር እኩል ስለምትዞር፣ ከታች ለሚያያት በአንድ ስፍራ የቆመች ትመስል ነበር። ሥርጭቷም መላውን አፍሪካና መካከለኛውን ምሥራቅ ያዳርስ ስለነበር ኢትዮጵያም በክልሉ ውስጥ ነበረች። መደበኛው አገልግሎት በ1999 ተጀመረ፤ በማርች 2000 ደግሞ ለእስያ የታሰበችው ኤሺያስታር ተከተለች።

ከትምህርት አንጻር ሊጠቀስ የሚገባው ጉዳይ ከሥርጭቱ አቅም አምስት በመቶው ለልማትና ለትምህርት ፕሮግራሞች እንዲውል መመደቡ ነው። በኬንያ የትምህርት ኢንስቲትዩት ያዘጋጃቸው የራዲዮ ትምህርቶች በዚሁ ሳተላይት ወደ ትምህርት ቤቶች ተላልፈዋል። ራኔት በተባለው ፕሮግራም ደግሞ የአየር ጠባይ መረጃ ስልክም መብራትም ወዳልደረሰባቸው የገጠር መንደሮች ይደርስ ነበር። መምህሩ አንቴናውን ወደ ሳተላይቷ አቅጣጫ ካዞረና ባትሪ ካለው ከማናቸውም ከተማ ቢርቅ የሚቀበለው ድምፅ ጥራት አይቀንስም ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራው በአንድ ትልቅ እንቅፋት ተሰናከለ፤ ይኸውም ተቀባዩ መሣሪያ ነበር። ተራ ራዲዮ የሳተላይቱን ሞገድ ስለማይቀበል አድማጩ ልዩ መሣሪያ መግዛት ነበረበት፤ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ዋጋ ደግሞ ለአብዛኛው የአፍሪካ ቤተሰብ የሚቀመስ አልነበረም። በዚህ ላይ አንቴናው ሳተላይቷን ያለ ከለላ ማየት ስላለበት መሣሪያው በቤት ውስጥ እንደ ልብ አይሠራም ነበር። ኩባንያው ወጪውን ለመሸፈን ከአድማጮች የወር ክፍያ ወደ መሰብሰብ ቢዞርም የደንበኞቹ ቁጥር በዓለም ሁሉ ወደ 170,000 ገደማ ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹም በሕንድ የሚገኙ ነበሩ። በኦክቶበር 2008 ኩባንያው መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ።

የአሜሪካ ልምድ

በአሜሪካ የተገኘው ውጤት የተለየ ነበር። የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን በ1997 ለሁለት ኩባንያዎች ብቻ በጨረታ ፈቃድ ሰጠ፤ እያንዳንዳቸውም ለሞገዱ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። አንደኛው ኋላ ኤክስኤም የተባለው ሲሆን ዎርልድስፔስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የባለቤትነት ድርሻ ነበረው። ሁለተኛው ኋላ ሲሪየስ የተባለው ነው። ኤክስኤም በሴፕቴምበር 2001፣ ሲሪየስ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2002 ሥርጭት ጀመሩ።

ሁለቱ ኩባንያዎች የተቀባዩን መሣሪያ ችግር የፈቱት በመኪና አማካይነት ነው። ብዙ አሜሪካውያን ሠራተኞች በየቀኑ የተወሰነ ጊዜ በመኪና ውስጥ ያሳልፋሉ፤ መኪናው የራሱ ባትሪ አለው፤ ጣሪያውም ለአንቴና የተመቸ ነው። መሣሪያው በፋብሪካ ውስጥ ከመኪናው ጋር ሲገጠም ዋጋው በመኪናው ዋጋ ውስጥ ይዋጣል። በከተማ ውስጥ ረጃጅም ሕንፃዎች ሞገዱን በሚጋርዱበት ስፍራ በምድር ላይ ደጋሚ ማሠራጫዎች ተተከሉ። መኪናው ከድልድይ ሥር ሲያልፍ ድምፁ እንዳይቋረጥም መሣሪያው የጥቂት ሴኮንዶች ድምፅ አስቀድሞ እንዲያከማች ተደረገ።

ቢሆንም ሳተላይት ማምጠቅና ታዋቂ አቅራቢዎችን መቅጠር ከፍተኛ ዕዳ አስከተለ። ሁለቱ ኩባንያዎች በጁላይ 2008 ተዋህደው ሲሪየስ ኤክስኤም ሆኑ። በ2009 መጀመሪያ አዲሱ ኩባንያ ከ18 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እያሉት ለመክሰር ተቃርቦ ነበር፤ ያተረፈው ሊበርቲ ሚዲያ የተባለው ድርጅት የሰጠው 530 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነው።

የኪስ ስልክ መምጣት

በዚህ መካከል ሌላ መሣሪያ ብቅ አለ። አይፎን ለገበያ የቀረበው በጁን 2007 ሲሆን፣ በሌሎች ድርጅቶች የተሠሩ መተግበሪያዎች የሚገኙበት መደብር የተከፈተው በጁላይ 2008 ነው። ይህ ስልክ ከኮምፒዩተር ውጭ ብዙም ያልተለመደውን የኢንተርኔት ራዲዮ ወደ ኪስ አስገባው። ፓንዶራን የመሳሰሉ የሙዚቃ አገልግሎቶች ከአድማጩ ምንም ክፍያ ሳይጠይቁ በስልኩ ላይ ይሰሙ ስለነበር የሳተላይቱ ኩባንያ ወደዚያው ገበያ ለመግባት ተገደደ።

በጁን 2009 የወጣው መተግበሪያ ራሱ በነፃ የሚወርድ ነበር፤ ለማዳመጥ ግን የወር ክፍያ ያስፈልግ ነበር። አገልግሎቱም ጉድለት ነበረው። በሳተላይት የሚተላለፉት የታወቀው የሃዋርድ ስተርን ፕሮግራምና የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታዎች በስልክ አይሰሙም ነበር፤ በአንድ መንገድ ለማሠራጨት የተገዛ መብት በሌላ መንገድ ለማሠራጨት አያገለግልምና። ከዚህም ሌላ የዚያን ጊዜው ስልክ በሌሎች ድርጅቶች የተሠሩ ሁለት መተግበሪያዎችን ጎን ለጎን ማሠራት አይችልም ነበር። ስለዚህ አድማጩ መልእክት ለማንበብ ከመተግበሪያው ሲወጣ ራዲዮው ዝም ይል ነበር። ይህ ጉድለት የተወገደው በጁን 2010 በወጣው አዲስ የስልክ ሥርዓት ነው።

በ2009 ኩባንያው ስካይዶክ የተባለ መሣሪያ ለመኪና አስተዋወቀ። መሣሪያው ስልኩ የሚሰካበት ሲሆን ሳተላይቱን የሚቀበለው ክፍል ያለው በራሱ በመሣሪያው ውስጥ ነው፤ ስልኩ የሚያገለግለው ጣቢያ ለመምረጫና ለማሳያ ብቻ ነበር። ስለዚህ በስልክ ላይ የሳተላይት ራዲዮን በትክክለኛ ትርጉሙ ማዳመጥ የተቻለው ከስልኩ ውጭ ሌላ ራዲዮ በመጨመር ብቻ ነው።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሳተላይት የሚያሠራጨውን ድምፅ አንድ ሰው ቢያዳምጠውም ሆነ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢያዳምጠው የአሠራጪው የማስተላለፊያ ወጪ አይለወጥም፤ አድማጩም ለሚያዳምጥበት ሰዓት ርዝመት የሚከፍለው ተጨማሪ ዋጋ የለም። በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ ድምፁ ለብቻው ይላካል። አሠራጪው ለእያንዳንዱ ቅጂ ይከፍላል፤ አድማጩም ለእያንዳንዱ ደቂቃ የዳታ ዋጋ ይከፍላል።

በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በአንድ ሰዓት 28.8 ሜጋባይት ይወስዳል። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ በጁን 2010 ያልተገደበ የዳታ አገልግሎት ለአዳዲስ ደንበኞች መስጠቱን ሲያቆም ያቀረበው ዝቅተኛ ውል በወር በ15 ዶላር 200 ሜጋባይት ነበር። ይህም በተጠቀሰው ስሌት ወደ ሰባት ሰዓት ማዳመጥ ቢያስችል ነው። በመኪናው ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ያዳምጥ የነበረው ሰው በስልኩ የወሩን ድርሻ በአንድ የሥራ ቀን ሊጨርሰው ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህን ስሌት ወደ መማሪያ ክፍል ማምጣት ይቻላል። አንድ የሃያ ደቂቃ የራዲዮ ትምህርት በዚሁ ልክ 9.6 ሜጋባይት ይወስዳል። አርባ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ቢከታተሉት ድምሩ 384 ሜጋባይት ይሆናል። በአንድ ራዲዮ ፊት ተሰብስበው ቢያዳምጡት ግን የዳታ ወጪያቸው ዜሮ ነው።

በሌላ በኩል ስልኩ ያመጣቸው ጥቅሞች ቀላል አይደሉም። ለራዲዮ ትምህርት ብቻ ተብሎ ልዩ መሣሪያ መግዛት ቀርቷል። በሥርጭት ሰዓት ያልነበረ ተማሪ ትምህርቱን ኋላ ማግኘት፣ ያልገባውንም ደጋግሞ ማዳመጥ ይችላል። አንዴ የወረደ ትምህርት ያለ ተጨማሪ ወጪ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ከሁሉም በላይ ተማሪው ጥያቄ መላክና መልስ መቀበል ችሏል፤ ይህንን ደግሞ የሳተላይት ራዲዮ ሊያደርገው አይችልም ነበር።

ለትምህርት ሥርጭት የሚሰጠው ግንዛቤ

በኢትዮጵያ ትምህርትን በራዲዮ ማሠራጨት ለረጅም ዘመን የኖረ ልምድ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ጭምር እንዲቀጥል ተሞክሯል። በዚያን ጊዜ ስልክና የዳታ ገንዘብ ያለው ተማሪ ከሌለው ተማሪ ጋር በአንድ ክፍል የተመዘገበ ቢሆንም በአንድ ክፍል የሚማር ለመሆን ግን አልቻለም።

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የማሠራጫው ርቀት ብቻውን ትምህርትን አያዳርስም፤ አፍሪስታር መላውን አህጉር ሸፍና ሳለ አድማጭ ያጣችው ተቀባዩ መሣሪያ በሕዝቡ እጅ ስላልነበረ ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በሕዝቡ እጅ መገኘቱም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉ የዳታ ዋጋ መክፈል ይችላል ማለት አይደለምና። ሦስተኛ፣ የሥርጭቱ ባለቤትነት መታሰብ አለበት፤ ዎርልድስፔስ በከሰረ ጊዜ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት የትምህርት ሥርጭቶችም መሠረታቸውን አጥተዋል።

የአሜሪካው ኩባንያ ራሱ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ጠቅልሎ አልሄደም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በመኪናዎች ላይ የሚገጠመው አዲሱ መሣሪያው ሳተላይትንና ኢንተርኔትን በአንድነት የሚጠቀም ነው። ለብዙኃን የሚተላለፈው በሳተላይት ይወርዳል፤ አድማጩ በተለይ የሚመርጠው በኢንተርኔት ይመጣል።

ለትምህርት ሥርጭትም ይኸው አከፋፈል የሚበጅ ይመስላል። ለሁሉም ተማሪ የግድ መድረስ ያለበት መደበኛ ትምህርት የአድማጩ ቁጥር ወጪ በማይጨምርበት የራዲዮ ሞገድ ቢተላለፍ፣ መድገሚያው፣ መልመጃውና ጥያቄው ደግሞ በስልክ ቢቀርብ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የራዲዮ ሥርጭት ጊዜው እንዳለፈበት ተቆጥሮ ትምህርቱ ወደ ስልክ ብቻ እንዲዛወር ከመወሰኑ በፊት፣ በየወረዳው ስንት ተማሪ ስልክ እንዳለውና ስንቱ የዳታውን ዋጋ መሸፈን እንደሚችል በጥናት ተረጋግጦ መቅረብ ይኖርበታል።