ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ዳግማዊ አፄ ምኒልክን በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከባድ ስትሮክ መታቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ያህል አገር በስማቸው ሲታዘዝ፣ እሳቸው ማዘዝ ተስኗቸው ቆዩ። እቴጌ ጣይቱ እንዴት ከሥልጣን እንደተገፉ፣ የንጉሡ ሞትም እንዴት ከሕዝብ እንደተደበቀ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአልጋቸው ዙሪያ ጸበልም ነበረ፣ የአውሮፓ ሐኪምም ነበረ። ሐኪሙ ለዚያ ሕመም የሚሰጠው መድኃኒት ግን አልነበረውም። ኧረ በዓለም ላይም አልነበረም!

የጥንት ግሪኮች ሕመሙን «አፖፕሌክሲያ» ይሉት ነበር፤ ተመትቶ መውደቅ እንደማለት ነው። እኛም «መታው» ነው የምንለው። መቺው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1658 የስዊዘርላንዱ ሐኪም ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር የሟቾችን አስከሬን መርምሮ አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ማግኘቱን ጻፈ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ ደም እንዴት እንደሚረጋና የረጋው ተጉዞ ሌላ ቦታ ላይ ቧንቧ እንደሚዘጋ አስረዳ።

እንግዲህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሕመሞች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ የደም ቧንቧ መፈንዳት፣ ሌላው መዘጋት። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይኮላተፋል። መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የተዘጋበትን ያድናል፣ የፈሰሰበትን ይገድላል። ሁለቱን በቀላሉ መለየት የተቻለው የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታካሚ ካነሳ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ሌላ 24 ዓመት ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በ624 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ቲ-ፒ-ኤ የተባለውን መድኃኒት ያገኙት፣ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉዳት ወይም በጥቂት ጉዳት የመገኘት ዕድላቸው ቢያንስ በ30 በመቶ በለጠ። ዋጋም ነበረው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 100 ሰዎች ስድስት ያህሉ አንጎላቸው ውስጥ ክፉኛ ደሙ። በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። በ2015 ደግሞ በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት እንደሚበጅ ተረጋገጠ፤ ይህ ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ ተለወጠ። ዛሬ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ነው። ወድቆ የተገኘበትን ሰዓት አይደለም። ተኝቶ አድሮ ጠዋት አፉ ተጣሞ የተነሳ ሰው፣ ሰዓቱ የሚቆጠርበት ከመኝታው ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኛ የሚሆነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች ልጅ «እማዬ ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነበረች» ብትል፣ እሷ የምታስበው ቁርስ ሰዓትን ነው። ነርሷ የምትጽፈው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ነው፤ የፈረንጅ ሁለት ሰዓት እሱ ነውና። ሆስፒታል የደረሱት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆን፣ እናትየው በእውነት ያለፋት አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ለመድኃኒቱ «አልፏል» ተባለ ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የተባለው የፈረንጅ ሌሊት ሆኖ ከተጻፈ፣ ጊዜው ያለፈበት ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ሊደማ ይችላል። ስድስቱ ሰዓት በሌላ ቀን ቀጠሮ ያስረፍዳል፤ በዚህ ቀን ግን አንደበት ወይም ሕይወት ያስከፍላል።

በምኒልክ ዘመን ሰዓቱን የመዘገበ ቢኖር እንኳ ምንም ባልጠቀመ ነበር። ዛሬ ግን ከአጠገብ ያለው ሰው የሚያውቃት ያች ሰዓት ከሕክምናው እኩል ዋጋ አላት። እናም የአንዱ ቤተሰብ አፍ ሲጣመም፣ እጅ አልነሳ ሲል፣ «ትንሽ ይረፍና እንየው» አይባልም። አምቡላንስ ወይም የተገኘው መኪና ይጠራ፣ ሰዓቱ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሲነገርም በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ተለይቶ፣ ጠዋት ይሁን ማታ ተጨምሮ ይነገር።