የኢሜይል ቲተር፦ በግርጌ የሚቀመጠው ስም እንዴት ይሠራል?

በእንግሊዝኛ «ኢሜይል ሲግኔቸር» የሚባለውን ብዙዎቻችን «የኢሜይል ፊርማ» እንለዋለን። በእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ በራሱ የሚገባ፣ የላኪውን ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ መሥሪያ ቤትና ስልክ የያዘ ጽሑፍ ነው። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ግን ሦስት ነገር ያርፍበታል፤ ኃላፊው በእጁ ይፈርማል፣ ስሙንና ኃላፊነቱን የያዘው ቲተር ይመታል፣ ማኅተም ይደረጋል። የኢሜይሉ ግርጌ የሚሠራው የቲተሩን ሥራ ነው። ላኪው ማን ነኝ እንደሚል ይነግረናል፤ እውነት እሱ ለመሆኑ ግን ዋስትና የለውም፤ ማንም የማንንም ስም ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ «የኢሜይል ቲተር» ብንለው ይሻላል እላለሁ።

«ቲተር» እና «ፊርማ» የሚሉትን መለየት ገንዘብና ውል ባለበት ቦታ ይጠቅማል። በሕግ ዕውቅና ያለው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሌላ ነው፤ ራሱን የቻለ አዋጅ (ቁጥር 1072/2010) ወጥቶለታል። ከሒርና ወይም ከገለምሶ ቡና ለመግዛት የሚዋዋል ነጋዴ በኢሜይል ግርጌ ያማረ አርማና ስም ስላየ ብቻ ሰነዱ ተፈርሟል ብሎ መቀበል የለበትም።

ቲተሩ ቀለም፣ አርማና የሚጫን አድራሻ እንዲኖረው ሲፈለግ ኤችቲኤምኤል ይመጣል። ይህ ድረ ገጾች የሚጻፉበት የምልክት ቋንቋ ነው፤ የቱ ጽሑፍ እንደሚደምቅ፣ የቱ ወደ ሌላ ገጽ እንደሚወስድ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። በኖትፓድ ተጽፎ መጨረሻው «ኤችቲኤም» በሚል ቅጥያ ይቀመጣል። ቲተሩን ወደ ኢሜይል ፕሮግራሙ ለማስገባት በተለመደው (ክላሲክ) አውትሉክ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል፣ ከዚያ ሲግኔቸርስ የሚለውን መክፈት ነው። ተንደርበርድ ከአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ፋይሉን በቀጥታ ይቀበላል። ጂሜይል ግን ኮዱን ራሱን አይወስድም፤ ፋይሉን በብራውዘር ከፍቶ የሚታየውን ኮፒ አድርጎ ሳጥኑ ውስጥ መለጠፍ ያስፈልጋል።

የምዕራብ ሐረርጌ ሰው የሚቸገርበት ነገር ፊደሉ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛም ተጨምሮ በአንድ ቲተር ላይ ይገናኛሉ። የቆዩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ተቀባዩ የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ቲተር በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ። ፋይሉ ሲቀመጥም «ዩቲኤፍ-8» የሚለው ይመረጥ። ቆየት ያለው ኖትፓድ በራሱ የሚመርጠው «አንሲ» የሚባለውን ነው፤ በእሱ የተቀመጠ አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክትነት ይለወጣል፤ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

ስሙንና ስልኩን በሥዕል ሠርቶ ማስገባት ፊደሉ እንዳይበላሽ መፍትሔ ይመስላል። እኔ አልመክረውም። አንዳንድ የኢሜይል ፕሮግራሞች ተቀባዩ ካልፈቀደ ሥዕል አይከፍቱም፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ይቀራል፤ ከሥዕል ላይ ስልክ ቁጥር ኮፒ ማድረግም ያስቸግራል። አርማው ሥዕል ይሁን፣ ቀሪው ጽሑፍ ይሁን። አቀማመጡን ደግሞ በቀላል ሰንጠረዥ መሥራት ይሻላል፤ የተለመደው አውትሉክ ከ2007 እ.ኤ.አ. እትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በዎርድ አሠራር ስለሆነ፣ ለድረ ገጽ የሚሆነው የረቀቀ አደራደር ይፈርስበታል።

አድራሻው ላይ «ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)» ብሎ ሁለቱንም ስም መጻፍ ጥሩ ነው፤ ከተማዋን በድሮ ስሟ ብቻ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ቲተሩ ካለቀ በኋላ ለሥራ ከመዋሉ በፊት ወደ ራስ ጂሜይል ተልኮ በስልክም በሌላ ኮምፒውተርም ይከፈት፤ አማርኛው፣ ቁቤውና ስልክ ቁጥሩ ሁሉም ቦታ ላይ በትክክል ከተነበቡ በቂ ነው።