ድሪቶ፦ ከመድፉ ጥላ ሥር የቀረ ታሪክ

የደብረ ታቦር ታሪክ በተነሣ ቁጥር አሳባችን ወደ ጋፋት ያዘነብላል። በ1859 ዓ.ም. በዚያ የተሠራው፣ በ1860 ዓ.ም. በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል ብዙ ተጽፎለታል፤ ብዙም ተገጥሞለታል። መድፉን የጎተተው ገበሬና ወታደር በዚያ ብርድ ምን ለብሶ እንዳደረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ ያለው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ውርጭ አገር ጥጥ አይበቅልም። ከመተማና ከሌሎች የቆላ ገበያዎች ተጭኖ ይመጣ ስለ ነበር፣ ለደገኛው እህሉን ሸጦ የሚገዛው ውድ ዕቃ ነበር። ሴቲቱ ትዳምጠዋለች፣ ትነድፈዋለች፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ሸማኔው ድሩንና ማጉን ያዋሕዳል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ የብዙ ሌሊት ድካም ውጤት ነውና ቢያረጅም አይጣልም።

የድሪቶ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጋቢው መካከሉ ሲሳሳ ደኅናው ወገን ተቀድዶ ለልጅ መከናነቢያ ይሆናል። የቀረው እራፊ ታጥቦና ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እራፊው ሲበረክት፣ የሳሳው ከውስጥ፣ ጠንካራው ከላይ እየተደረገ በወፍራም ክር ይደረታል፤ በንብርብሩ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። ድሪቶው ራሱ ሲበጣጠስ ደግሞ ለኩራዝ ክር ይሆናል።

አስተውሎ ለተመለከተው ድሪቶ የንግድ ታሪክም ነው። የአገር ፈትል፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከባሕር ማዶ የገባው አቡጀዲ፣ የወታደር ካኪ፣ በ1953 ዓ.ም. ከተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ብትን በአንድ መርፌ ሲጋጠሙ የአንድ ቤተሰብ የመቶ ዓመት ገበያ በአንድ መኝታ ላይ ይነበባል።

ይሁን እንጂ ለዚህ ሙያ ቋንቋችን ያተረፈለት ስድብ ነው። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብ በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ ተከልክሏል፤ ድሪቶ ለምትሰፋዋ ግን አዋጅ አልወጣላትም። በመድረካችን ድሪቶ የለማኝ መለያ ነው፤ በሂሳችንም ያልሠመረ ድርሰት «ድረታ» ይባላል። ድህነት አይወደስም፤ ድሪቶ የለበሰ ሁሉ ሌላ ቢያገኝ ሌላ በለበሰ ነበር። ነገር ግን ድህነቱ ሌላ፣ ድህነቱን የተቋቋመው እጅ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ስድብ መጠቅለል የሠራተኛይቱን ዕውቀት መካድ ነው።

የነገሥታቱ ካባና ለምድ በዕቃ ቤት ተጠብቆ ይኖራል። ድሪቶ ግን እስከ ኩራዙ ክር ድረስ ስለሚያገለግል ለሙዚየም የሚተርፍ ነገር የለውም፤ የሚቀረው ምስክር የሰፉት እናቶች ቃል ነው። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፣ የባህል ሠራተኛው በየቀበሌው፣ ጸሐፌ ተውኔቱም በብዕሩ ይህን ቃል ሊሰበስቡ ይገባል። ያለዚያ ነገ የደብረ ታቦርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መድፉን ያገኛል፤ ሕዝቡን ግን አያገኘውም።