ሃሳብና ሂሳብ



ሂሳብ ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ደረሰኝ የሌለው ነገር መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ነው። ገንዘባችንን በዚህ ሥርዓት እንይዛለን፤ በአእምሯችን የሚመላለሰውን ግን ሳናጣራ እናምነዋለን። ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን ሦስት ወር ቁጠባ ሳታስገባ ስትቀር፣ በኮሚቴ ተቀምጠን «ብድሩን ይዛ ጠፍታለች» አልን። ኋላ ቤቷ ስንሄድ እናቷን ስታስታምም አገኘናት። መጥፋቷን የነገረን ሰው አልነበረም፤ የነገረን የገዛ ሃሳባችን ነው። አፈርን።

ሃሳብን ቆም ብሎ የማየት ልምድ ረጅም ታሪክ አለው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በሕንድ የቡድሃ ተከታዮች በተመስጦ (ሜዲቴሽን) ሲቀመጡ፣ ቁጣ ሲመጣባቸው ቁጣ መሆኑን ለይተው እንዲያውቁ ይማሩ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግርዮስ ደግሞ ሰውን የሚፈትኑ ሃሳቦችን በ8 ከፍሎ ጻፈ። የትኛው ሃሳብ እንደሚደጋገም፣ የትኛው የትኛውን እንደሚያስከትል ልብ ማለት እንደሚገባም መከረ። የሁለቱ እምነትና ዓላማ የተለያየ ነው። ሆኖም ሁለቱም የሚመጣውን ሃሳብ ከማመን በፊት መመልከትን አስተምረዋል። ሂሳብ ለምንይዝ ሰዎች ነገሩ የዕለት መዝገብን ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት ነገሮች በአሜሪካ ተገጣጠሙ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ፍላቬል ሰው ስለ ራሱ አስተሳሰብ ያለውን ዕውቀት የሚመለከት ታዋቂ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ከሃይማኖት ሥርዓት ውጭ የሆነ የተመስጦ ሥልጠና ጀመረ። ሥልጠናው በኋላ 8 ሳምንት የሚፈጅ ሆኖ ታወቀ።

ጆን ቲስዴልና ባልደረቦቹ በ2000 ያሳተሙት ጥናት 145 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ቀደም ሲል ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በድባቴ ከታመሙት መካከል፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት 66 በመቶው ሕመሙ ሲመለስባቸው፣ በዚህ ሥልጠና ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ሥልጠና ከጨመሩት ግን የተመለሰባቸው 37 በመቶ ናቸው። በ2002 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ሠልጣኞቹ ሃሳባቸውን እንደ እውነት ሳይሆን እንደሚያልፍ ሃሳብ የማየት ችሎታቸው ከፍ ማለቱን አሳዩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንፋሽን ያዳምጧል፤ ልብ ይሸፍታል፤ መሸፈቱን ሲያውቁ ሳይቆጡ ይመለሳሉ። ሥልጠናው ያለው በዚያች በማወቂያዋ ቅጽበት ነው። ይህ የሐኪምን ሥራ አይተካም፤ የታመመች እህት ወደ ሐኪም ትሂድ።

እኛም ዛሬ ስለ ብድር ከመነጋገራችን በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከዚያም ስለ አንዲት እህት ክፉ ሲነገር፣ ከመካከላችን አንዷ «ደረሰኙ የታለ?» ብላ ትጠይቃለች።