ደብተር የያዘ አይታፈስም ሲባል

እንግዲህ ስሙኝማ። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያላችሁ ነው የምታልፉት። በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ መሀል የተሠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የከተማዋን ስም ልተወው፤ የዚያ መንገድ ልጅ ሁሉ የየራሱን ከተማ ስም ያግባበት።

ዘመኑ ከ1981 እስከ 1983 ዓ.ም. ነው። ውጊያው ሰሜን ነው፤ እኛ ዘንድ ከቅዳሜ ገበያ ጫጫታ በቀር የሚሰማ የለም። ጦርነቱ የሚመጣብን በወረቀት ነበር። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል። ሲነበብ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። በየካቲት 1981 ጦሩ ሽሬ ላይ ተመትቶ መንግሥት ትግራይን ለቆ ሲወጣ፣ ዓመት ቆይቶ በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ፣ ያ ሥርዓት ሁሉ ቀረ። ለቀበሌው ኮታ ይመጣል፤ ይህን ያህል ሰው አምጣ ይባላል። ሰው ሲጠፋ ከገበያ ይታፈሳል፣ ከሠርግ ቤት ይታፈሳል፣ ከመንገድ ይታፈሳል።

ደብተር የያዘ ግን አይታፈስም ይባል ነበር።

ይህችን አባባል ያዙልኝ። አገሩ ሁሉ ያመነው በእሷ ነው። ከሽንዲ፣ ከማንኩሳ፣ ከየገጠሩ በእግሩ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ፣ እናቱ ቅቤዋን ሸጣ የምትልከው ዶክተር ይሁንልኝ ብላ ብቻ አይደለም። እዚህ ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ በሕይወት አለልኝ ብላ ነው። የተማሪ መታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ ጠንከር ያለች ወረቀት ናት። ፎቶው በሙጫ ይለጠፍና ክቡ ማኅተም ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይመታል። ልጆቹ በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዟታል። ላብ ማኅተሙን እንዳያደበዝዘው ማታ ማታ አውጥተው ያናፍሷታል። ማኅተሟ የደበዘዘበት ልጅ እስክትታደስለት ድረስ ከግቢ አይወጣም።

አራት ሆነን በአንዲት ክፍል ነበርን። ሁለቱ መደብ ላይ፣ ሁለቱ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈን። አርብ ከሰዓት ትምህርት ሲያልቅ ልጁ ሁሉ ወደየአገሩ ይፈሳል፤ እሑድ ማታ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን በአቁማዳ ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። አርብ ጠዋት በባዶ ሆድ ፊዚክስ ተምሮ፣ ያንኑ ቀን አራትና አምስት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ የሚጀምር ልጅ ብዙ ነበር። በዚያ ላይ መንደር ምሥረታ የሚሉት መጥቶ ገበሬውን ከየቀዬው አንስቶ በአንድ ቦታ ሰብስቦት ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ገበሬው ማንንም ሳይጠይቅ ቆርቆሮውንና ማገሩን ነቅሎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። አንድ የክፍላችን ልጅ በአንዱ አርብ ሄዶ ቤታቸው ከነበረበት ቦታ ምሰሶ የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ ጠበቀው። እየጠየቀ ሲሄድ መሽቶ፣ ወላጆቹን አያቱ ድሮ በሚኖሩበት ጥግ አገኛቸው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ነበር። አልቀረም።

አከራያችን ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እማማ ነው የምንላት። የበኩር ልጇ አሥመራ ጦር ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። ላምባ ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ በጠርሙስ ነው የሚገኘው፤ ለኩራዛችን አይበቃም። እማማ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ እሳቱን አታጠፋውም ነበር። «ኑ ልጆቼ፣ በከንቱ ከሚበርድ አንብቡበት» ትለናለች። የምጣዱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው ሒሳብ ሠርተናል። ሬዲዮም ነበራት። የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ትለጥፍበታለች። አንዳንዴ ደግሞ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ይገጥመናል፤ ፍቅር እስከ መቃብር። ያን ጊዜ የማንኩሳው ልጅ ቀና ይላል። ታሪኩ ከአገሩ ነዋ የሚጀምረው! ወጋየሁ ማንኩሳ ባለ ቁጥር ልጁ ወደ እኛ ዘወር ብሎ ያየናል፤ አገሩ በሬዲዮ የተጠራበት ሌላ ምክንያት አልነበረምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተናን ማትሪክ ነው የምንለው። ነጥብ የመጣለት አራት ኪሎ ይገባል፣ ዓለማያ ይገባል፣ ባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ይገባል። ነጥብ ያልመጣለት ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ተማሪ አይደለም፤ ቀበሌ ያውቀዋል። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መግባት ራሱ ያስፈራ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጎበዝ ጎበዙ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ መውደቅ ጀመረ። አውቆ። አንድ የሒሳብ መምህር ነበረን፤ የአንዱን ተማሪ የመጨረሻ ፈተና ሲያርም ምርጫዎቹ አንድም ሳይቀሩ ስሕተት ሆነው አገኛቸው። በግምት የሚሞላ ልጅ አንዳንዱን ይመታል። ሁሉንም ለመሳት ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። መምህሩ ልጁን ጠርቶ ወረቀቱን አሳየው፤ ልጁ መሬት መሬት አየ። መምህሩ ምንም አላለም፤ ዜሮውን መዘገበለት። ልጁ ክፍል ደገመ፤ አንድ ዓመት አተረፈ። እኔ ያን መምህር እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ልጅ ዕውቀቱን ደብቆ ነፍሱን የሚያተርፍበት ዘመን ለምን መጣ ብዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሴቶቹን ሳላነሳ ብቀር ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። ቅዳሜ ወንዱ ገበያ አይወጣም። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና ገዝተው የሚያመጡልን የክፍላችን ልጃገረዶች ናቸው። አፈሳ ሊጀመር ሲል በቅድሚያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የአብዮት ጥበቃው ሚስት ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለልጇ፣ ልጇ ለእኛ። «ዛሬ ባሕር ዛፉ ውስጥ ዋሉ» የሚል መልእክት ይመጣል። ያን ቀን ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነው። መምህሩም ያውቃል፤ ስም አይጠራም። ሴቶቹ አንድ ገጽ ለራሳቸው፣ አንድ ገጽ ላልመጣው ይጽፋሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ በእጇ ጽሑፍ የታወቀች ነበረች፤ የኬሚስትሪ ደብተሯን አራት ልጅ ይማርበታል።

ከእነዚያ አንዱ የሽንዲው ነው። ረጅም ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ረጅም መሆን አደጋ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመትህን ሃያ አምስት ያስመስለዋል። መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ኬሚስትሪ ደግሞ ነፍሱ ናት። ከንብረት ክፍል በፊርማ የተዋሰውን መጽሐፍ ከእጁ አይለይም፤ አገሩ ሲሄድ እንኳ መንገድ ላይ እያነበበ ነው የሚሄደው።

ኅዳር 1983 ነው። እሑድ ማታ ስንቁን ይዞ ሲመለስ ከከተማዋ መግቢያ ላይ ያዙት። አብሮት የነበረው ስምንተኛ ክፍል የሚማር የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የነገረን እሱ ነው። መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣቸው። ሰውዬው በባትሪ አብርቶ አነበበው፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየው፣ ከዚያ አጠፈና የገዛ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በቃ። ትንሹ ልጅ ሁለት አቁማዳ ተሸክሞ እያለቀሰ መጣ፤ መጽሐፉን ግን ይዞት ሄዷል። የክፍል ኃላፊያችን የስም መጥሪያውን መዝገብ ብብቱ ሥር ሸጉጦ በሌሊት ቀበሌ ሄደ። «ይኸው ስሙ! ይኸው አርብ ክፍል ነበር!» ብሎ ሊሟገት። መኪናው ወደ ደብረ ማርቆስ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብተር የያዘ አይታፈስም የሚል ሰው አልሰማሁም።

ማትሪክ አልፈው ያመለጡትስ? በ1982 ከእኛ ትምህርት ቤት አልፈው አዲስ አበባ የገቡ ነበሩ፤ ሲሸኙ ከተማው እልል ብሎላቸዋል። በ1983 ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ተማሪዎቹ ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ወረዱ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ሲወጡ ሠፈሩ ተበተነ፤ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ድንበር ተጓዙ። ማምለጥ የሚባል ነገር አልነበረም ማለቴ ነው።

እኛ ጋ ግን ነገሩ ቀድሞ ደርሷል። በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ ያለውን ውጊያ ከፈተ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎንደርም ጎጃምም ከመንግሥት እጅ ወጡ። በመንገዳችን ላይ ጦሩ ይፈስ ጀመር። በመኪና የሚሄደው ሄደ፤ ከዚያ በእግሩ የሚያዘግመው መጣ። ጫማው ያለቀ፣ ቁስሉን በጨርቅ ያሰረ። ሲቪል ልብስ ስጡን፣ ጠመንጃውን ውሰዱ ይላሉ። ቀርበን ስናያቸው እኩዮቻችን ናቸው። የኔ ጓደኛ የአዘቦት ሸሚዙን አውልቆ ለአንዱ ሰጠ፤ ጠመንጃውን አልፈልግም አለው። እማማ በሶ በጥብጣ በራፏ ላይ ቆማ ለሚያልፈው ሁሉ ታጠጣለች። ስለ ልጇ አንዱንም አልጠየቀችም። ለምን ስንላት «ክፉ ከሰማሁ ለእነዚህ የማጠጣበት ጉልበት ያጥረኛል» አለችን።

የተወሰኑት ክፍሎቻችን ውስጥ አደሩ። ጠዋት ወጥተው ሲሄዱ ገባን። ሰሌዳው ላይ የሒሳብ መምህራችን ጀምሮ የተወው የኳድራቲክ እኩልታ ነበር። ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣ በጠመኔ ተሠርቶ አልቋል። ማን እንደሠራው ማንም አያውቅም። መጨረሻ ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ስቷል። መምህሩ መጥቶ ረጅም ጊዜ አየው። ምልክቷን አስተካከለና ከጎኑ ራይት አደረገበት።

ታጋዮቹ ገቡ፤ ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ፣ ቁምጣ የታጠቁ፣ ወንዶችም ሴቶችም። እነሱም ልጆች ናቸው። አንዷ በመስኮት ወደ ክፍላችን አይታ ስንተኛ ክፍል ናችሁ ብላ ጠየቀችን፤ አሥራ አንደኛ ስንላት እኔ ስምንተኛ ላይ ነው የተውኩት አለች።

ትምህርት ተቋርጦ ከረመ። እንደገና ሲከፈት የሽንዲው መጣ። አዋጁ ስድስት ወር ሥልጠና ይላል ብያችኋለሁ፤ እሱን በጥቂት ሳምንት አድርሰው ጎንደር አካባቢ አሰልፈውት ነበር። ጦሩ ሲበተን ቀን እየተደበቀ፣ ሌሊት እየተጓዘ አገሩ ገባ። አሁን ጎንበስ ብሎ አይሄድም። ቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ሲያናግሩት በግራው ይዞራል።

ለምዝገባ ቢሮ ሲሄድ መዝገቡ ላይ ኬሚስትሪ መጽሐፍ አልመለሰም የሚል ተጽፎበታል። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ለመንግሥት ንብረት ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። «መጽሐፉስ ልጄ?» አሉት። ጎንደር መንገድ ላይ አንድ የቆሰለ ልጅ ብርድ ሲያንዘፈዝፈው ሌላ የሚቃጠል ነገር ስላጣ፣ ቅጠል ቅጠሉን እየገነጠለ እሳት እንዳነደደለት ነገራቸው። ሽፋኑን ብቻ አልቀደደውም፤ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተምና ቁጥሩ አለበት። ሽማግሌው ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩ። «ልጁስ?» አሉ። «አደረ» አላቸው። ብዕራቸውን አንስተው ተመልሷል ብለው ጻፉ፤ ፈረሙም።

ክፍል ገባና ያቺ በእጇ ጽሑፍ የታወቀችው ልጅ አጠገብ ተቀመጠ፤ በግራ ጆሮው በኩል እንድትሆን ቦታ አስቀየራት።

«የት ደረሳችሁ?»

«ኦርጋኒክ ጀምረናል።»

«ሃይድሮካርቦኖቹን አልፋችኋል?»

«አላለፍንም። ገና ሚቴን ላይ ነን።»

«እንግዲያው ደብተርሽን አምጪ» አላት።