የለንደን ማዕድ ያለ ምርመራ እንደ ተፈረደበት

ክፉ ስም ከወጣ በኋላ መመለሻው ጭንቅ ነው። ሰው በሐሰት ቢታማ ቆሞ ይሟገታል፤ ከተማ ግን አንደበት ስለሌለው ጠበቃው ታሪኩ ብቻ ነው። የእንግሊዝ መናገሻ ለንደን ብዙ ዘመን የታማችበት ነገር ማዕዷ ነው። ሥጋዋ ደረቅ፥ አትክልቷ ከልክ በላይ የተቀቀለ፥ መረቋም ጣዕም የሌለው ነው እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል። በ2005 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዣክ ሺራክ ምግቡ ይህን ያህል የከፋ ሕዝብ እንዴት ይታመናል ብለው በእንግሊዞች ላይ እንደ ቀለዱ ጋዜጦች ጽፈዋል። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ስለ ወጥ ተጀምሮ የሕዝብን እምነት እስከ መንሣት የሚደርስ ጨዋታ ስለ ሆነ መመርመር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩትም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለለንደን ማዕድ ከሚመሰክሩት የጥንት ሰዎች አንዱ የቤተ ክህነት ሰው ነው። ይኸውም የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የቶማስ ቤኬት አገልጋይ የነበረው ዊልያም ፊትዝስቲቨን ነው። ጌታው በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ ከተገደለ በኋላ ገድሉን ሲጽፍ፥ አስቀድሞ የለንደንን ከተማ ሥርዓት አተተ። በቴምዝ ወንዝ ዳር የሕዝብ ማድ ቤት እንደ ነበረ፥ በዚያም እንደየወቅቱ የተጠበሰውና የተቀቀለው ሥጋ፥ ዓሣውና ወፉ ለባለጠጋውም ለድኻውም እንደየአቅሙ እንደሚገኝ ይናገራል። መንገድ ያደከመው እንግዳ በድንገት ቢደርስ፥ እሳት እስኪነድና ወጥ እስኪበስል ሳይጠብቅ የተሰናዳውን ከዚያ ያገኝ ነበረ። እንግዲህ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ለንደን የተመሰገነችው እንግዳን ባለማስራቧ ነው። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዘው፤ ኋላ ይፈለጋልና።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሃይማኖት ሲለወጥ የጾሙም ሥርዓት ላላ። ጾሙ ሲላላ የዓሣ አጥማጁ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ዓሣ አጥማጁም ሲያንስ ለጦር መርከብ የሚሆን ባሕረኛ አነሰ። ስለዚህ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በ1563 ከዓርብና ከቅዳሜ ጋራ ረቡዕም ሥጋ የማይበላበት የዓሣ ቀን እንዲሆን በሕግ ታዘዘ። ሕጉም ይህ የታዘዘው ለመንግሥት ጥቅም እንጂ ለነፍስ ድኅነት አይደለም ብሎ ለይቶ ተናገረ። የረቡዑ ትእዛዝ በ1585 ቢሻርም፥ ዓሣ ከሕዝቡ ማዕድ አልተለየም።

የለንደን ማዕድ በእውነት የተበላሸው በሥራና በገንዘብ ዘመን ነው። በ1801 የከተማዪቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ነበረ፤ በ1901 ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ላሙን ከበረቱ ያልብ፥ ጎመኑን ከጓሮው ይቀነጥስ የነበረው ባላገር ወደ ከተማ ገብቶ እንጀራውን ከማያውቀው ነጋዴ የሚሸምት ሆነ። ፍሪድሪክ አኩም የሚባል፥ በለንደን ይኖር የነበረ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1820 ባወጣው መጽሐፍ፥ ዳቦው ነጭ እንዲመስል አሉም የሚባል ጨው እንደሚጨመርበት፥ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈው አትክልት በመዳብ እንደሚቀለም፥ የልጆች ከረሜላ እርሳስ እንዳለበት ገለጠ። በመጽሐፉም ፊት በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን ስለ ተመረዘው ምንቸት የተነገረውን ቃል አሳተመ።

ኤልሳዕ ምንቸቱን በዱቄት ፈወሰው፤ ለለንደን ምንቸት ዱቄት የሆነላት ምርመራና ሕግ ነው። ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል ከ1851 ጀምሮ ከየሱቁ የተገዛውን ምግብ በአጉሊ መነጽር እየመረመረ፥ የአጭበርባሪዎቹን ነጋዴዎች ስምና ሰፈር ጭምር ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። በ1860 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ ደካማ ሆኖ ቢገኝ በ1875 የጠነከረ ሕግ ተተካ። ነውሯን የገለጡት ጠላቶቿ አይደሉም፤ በውስጧ የሚኖሩ ሊቃውንት ናቸው።

የለንደን ድኻም በዚያ ዘመን ያለ መልካም ምግብ አልቀረም። ዓሣን በዱቄት ለውሶ በዘይት መጥበስ፥ የታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚሉት፥ ከስጳንያና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁድ ይዘውት የመጡት ሙያ ነው። በ1860ዎቹ ዓመታት ይህ ዓሣ ከተጠበሰ ድንች ጋራ ተጋባ። ጋብቻው በመጀመሪያ የተደረገው በለንደን ነው ወይስ በሰሜኑ በላንካሸር ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። እንግሊዛዊ የአገሬ ምግብ ብሎ የሚመካበት እንግዲህ ከስደተኛ እጅ የተቀበለው ነው።

ክፉው ስም የጸናው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ ከምትበላው እጅግ የሚበዛው በመርከብ ከውጭ ይመጣ ስለ ነበረ፥ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መንገዱን ሲዘጉት ከጃንዋሪ 8 ቀን 1940 ጀምሮ ራሽን የሚባለው የቀለብ ድልድል ታወጀ። ልኩ ከፍና ዝቅ ቢልም፥ ለአንድ ሰው ለሳምንት የሚደርሰው ቅቤ 57 ግራም፥ የሻይ ቅጠል 57 ግራም፥ የአሳማ ሥጋ 113 ግራም፥ እንቁላልም አንድ ያህል ነበረ። የንጉሡ ቤተ ሰብ እንኳ የራሽን ደብተር ነበራቸው። በ1942 ነጩ ዳቦ ቀርቶ ገለባው ያልተለየለት ዳቦ ለሁሉ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ባለጠጋው በገንዘቡ እንዳያመልጥ የሆቴል ምሳ ዋጋ ከአምስት ሺሊንግ እንዳያልፍ ተወሰነ። በለንደን ግንብ ዙሪያ ባለው ጉድጓድ ሳይቀር አትክልት ተተከለ። ቤቱ በቦምብ ለፈረሰበትና ለሠራተኛው በርካሽ የሚያበላ የሕዝብ ምግብ ቤት ተከፈተ። የተጠበሰው ዓሣና ድንች ግን ከድልድሉ ውጭ ሆኖ የድኻው መጽናኛ ሆነ። ማዕዱ የሳሳ ነበረ፤ ነገር ግን ለሁሉ ደረሰ፤ በጦርነቱም መጨረሻ የሕፃናት ሞት ከጦርነቱ በፊት ከነበረው አነሰ።

ከሁሉ የሚደንቀው ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። በጦርነቱ ዘመን ያልተደለደለው ዳቦ በሰላሙ ዘመን ከጁላይ 1946 እስከ ጁላይ 1948 ተደለደለ። ምክንያቱ በዓለም ላይ ስንዴ ስላነሰና፥ በእንግሊዝ ጦር እጅ ባለው የጀርመን አገር የሚኖረውም ሕዝብ መብላት ስለ ነበረበት ነው። ለንደንን 57 ሌሊት ሳያቋርጥ በቦምብ ያነደደው የዚያ አገር ሠራዊት ነበረ። ያ ጠላት ሲራብ ለንደን ከዳቦዋ ቈረሰች። ሕዝቡ በደስታ ብቻ አደረገው ማለት አይቻልም፤ ብዙ ማጉረምረም ነበረ፤ ነገር ግን ተደረገ። ድልድሉ ፈጽሞ የቀረው በጁላይ 1954 ነው።

በእነዚህ ዐሥራ አራት ዓመታት እናት ለልጇ የምታስተምረው ሙያ ተቋረጠ። ወተቱ ሁሉ ለአንድ ዓይነት የመንግሥት አይብ ስለ ተሰበሰበ፥ በየአውራጃው ይሠራ ከነበረው አይብ ብዙው ጠፋ። በዚያ ዘመን የመጣው ወታደርና መንገደኛ ይህን ማዕድ ቀምሶ ወደ አገሩ ሲመለስ «እንግሊዞች ምግብ አያውቁም» ብሎ አወራ። የቀመሰው የከተማዪቱን ጾም ነው፤ ሙያዋን መሰለው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈታ ከቅኔ ማኅበር እንደ ወጣ ተማሪ ሆነ።

ድልድሉ ገና ሳይቀር በ1950 ኤልዛቤት ዴቪድ ስለ ሜዲትራንያን ባሕር አገሮች ምግብ መጽሐፍ ጽፋ የዘይትንና የነጭ ሽንኩርትን ጣዕም ለተራበው ሕዝብ አሳሰበች። በ1967 ሩ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማች ለ ጋቭሮሽ የሚባለውን ምግብ ቤት በለንደን ከፈቱ፤ በ1982 በብሪታንያ ካሉት ሁሉ በፊት ሦስት የሚሽለን ኮከብ አገኘ። ይህም ቤት እስከ 2024 መጀመሪያ ቆየ። በ1994 ደግሞ በስሚዝፊልድ የሥጋ ገበያ አጠገብ የተከፈተው ቅዱስ ዮሐንስ የተባለው ምግብ ቤት፥ የተናቀውን ቅልጥምና ሆድ ዕቃ በክብር አቅርቦ የጥንቱን የእንግሊዝ ሙያ አነሣ።

ማዕዱን ከሁሉ በላይ ያሰፋው ግን መጻተኛው ነው። ሳኬ ዲን ማሖመድ የሚባል ሕንዳዊ በ1810 የአገሩን ምግብ የሚሸጥበት ቤት በለንደን ቢከፍት በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰረ፤ ዘመኑ ገና ነበረና። ከጦርነቱ በኋላ ግን ከቤንጋል ከሲልሄት አውራጃ የመጡ ባሕረኞች፥ ከካሪብ ደሴቶች በ1948 የተሻገሩ ሠራተኞች፥ የቆጵሮስና የቻይና ሰዎች ምድጃቸውን በየመንደሩ አነደዱ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። ፋሽስት አገሪቱን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 1936 ለንደን ደረሱ፤ እስከ 1940 ድረስም ባዝ በሚባለው ከተማ በስደት ተቀመጡ። ከ1974 ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በለንደን ተጠግተዋል። ዛሬ በዚያች ከተማ በፍስኩ ዶሮ ወጥ፥ በጾሙ በያይነቱ በእንጀራ ላይ ቀርቦ ይበላል፤ እንግሊዛዊውም እጁን ታጥቦ ከትሪው ዙሪያ ይቀመጣል።

እርግጥ ነው፥ በለንደን ዛሬም መጥፎ ምግብ አለ፤ ዋጋውም ብዙውን ሰው ያስደነግጣል። በሚሽለን ኮከብ ከሚመካው ቤት ሩቅ ሳይኬድ፥ የሚበላው አጥቶ ከምግብ ባንክ ተሰልፎ የሚቀበል ቤተ ሰብ አለ። ከተማዪቱ መወቀስ ካለባት በዚህ ትወቀስ፤ ይህ ወቀሳ ከጎመን መብሰልና አለመብሰል ይልቅ የሚከብድ ነውና። ነገር ግን በልታ ሳትጠግብ ያካፈለችውን ከተማ በዚያ ወራት ሽሮዋ ቀጥኖ ነበረ ብሎ መንቀፍ፥ የበሉበትን ወጪት መስበር ነው። ማዕድ የሚመዘነው በጣዕሙ ብቻ ቢሆን የባለጠጎች ማዕድ ሁሉ በጸደቀ ነበረ። በዙሪያው ስንት ሰው እንደ ተቀመጠና ማን እንደ ተመለሰ መጠየቅ ይገባል። ልብ ያለው ልብ ይበል።