የሴቼንቶ ቅርጫ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጋራዥ ነው። በእጄ ያለፈው መኪና ብዙ ነው፤ «ምነው ባስቀረኋት» የምላቸው ግን ሁለት ናቸው፤ አንዲት ሴቼንቶና አንዲት ቮልስ። ሁለቱም የራሴ ነበሩ። ይህን ለወጣት ሳወራው «ጋሼ፣ ያኔ አንድ ጥግ ማቆም ነበር እንጂ!» ይለኛል። ያኔ መኪና አንድ ጥግ ማቆም ምን ማለት እንደነበር ላስረዳው ስጀምር ስልኩ ይጠራል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ሴቼንቶ የምንላት ፊያት 600 ናት። የቱሪኑ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያወጣት 633 ሲሲ ሞተር ከኋላዋ አሸክሞ ነው። ርዝመቷ ከ3 ሜትር ከ30 አይበልጥም፣ ክብደቷም 600 ኪሎ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ገብታ ሰማያዊና ነጭ ተቀባችና ታክሲ ሆነች። ቤንዚን ቆጣቢ ናት፤ ጠባብ መንገድ አይገድባትም፤ ጭቃ ውስጥ ብትገባ አራት ጎረምሳ ተረባርቦ ያወጣታል። የቀደሙት ሞዴሎች የበራቸው ማጠፊያ ከኋላ በኩል ስለነበር በሩ የሚከፈተው ከፊት ነው። እየሄደች ከተከፈተ ንፋሱ ይዞት ይሄዳል። በሩን ከውስጥ በገመድ አስሮ የሚነዳ ባለታክሲ አውቃለሁ።

ሙያውን የተማርኩት የጣሊያን ጋራዥ ቁልፍ አቀባይ ሆኜ ነው። የገባሁት አገሩ የሚነዳበትን ጎን በለወጠበት ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ በግራ ነበር የሚነዳው፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ሁሉም ወደ ቀኝ ዞረ። መንገዱ በአንድ ቀን ተቀየረ፣ የሹፌሩ ልማድ ግን እምቢ አለ። ላሜራ ማቃናት የለመድኩት በዚያ ክረምት በተጨረማመተ ፓራፋንጎ ላይ ነው። ካንዴላ መጥረግ፣ ፍሪሲዮን ማስተካከል፣ ኩሽኔታ መቀየር ከዚያ በኋላ መጣ።

የሴቼንቶ ጠላት ዳገት ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሴቼንቶ ራዲያተር ደግሞ ነፋስ በሚያገኝበት በፊቷ ሳይሆን ከኋላ ከሞተሩ ጎን ተወሽቋል። ከልኳ በላይ ጭና በቸርቸል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጣ መፍላቷ አይቀርም። ባለታክሲው ከወንበሩ ሥር የውሃ ጠርሙስ ያወጣል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ይጠብቃል። የሞተር ክዳኗን በእንጨት ደግፈው ከፍተው የሚነዱም ነበሩ። በዚያ ሁሉ መሃል የሚከፈለው ስሙኒ ነበር፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም የሰማሁት በፍላቱ ሳይሆን በዋጋው ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ተወደደ፣ አዲስ መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ሆነ፣ ቤንዚንም በኩፖን ገባ። ፊያት ራሱ ጣሊያን ውስጥ 600ን መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ታዲያ አንዷ ሴቼንቶ ስትወድቅ ለሌሎቹ የበዓል ቅርጫ ሆነች፤ ሞተሪኖውን አንዱ፣ ካርቡራተሩን ሌላው፣ በሩን ሦስተኛው ይወስዳል። የእኔም በዚሁ መንገድ ሄደች። ሙሉዋን የሚፈልግ ገዢ አልነበረም፤ ብልቷን የሚፈልግ ግን በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ፈትቼ ያካፈልኳት እኔው ነኝ፤ በእሷ ሥጋ ስንት ታክሲ ቆሞ እንደሄደ፣ ስንት ቤተሰብ እንጀራ እንደበላ ስለማውቅ አላፍርበትም።

የቮልሷ ነገር ሌላ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የላትም፣ አትፈላም። ለደጋ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ምስጋና አለ! ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቿ ላይ ስለሚጫን ጭቃና ጠጠር ላይም መሬት ትቆነጥጣለች። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የቢሮ ሠራተኛው ይገዛታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሥ በዚያች ጠባብ መኪና ተሳፈሩ። በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛችን ዋጋ ስንከራከር «ንጉሥ የጫነች ዘር ናት፣ አክብራችሁ ሥሯት» ሲል ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሁላችንም በሩን አየነው፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል፣ 1300 ነበረች፤ አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ የገዛኋት። ልጆቼን የሚገርማቸው የመስታወት ማጠቢያዋ ነበር፤ ውሃውን የሚረጨው ከትርፍ ጎማው በሚመጣ አየር ነው። ደብረ ዘይት ስንወርድ መስታወቱን ሲያስረጩ የጎማው አየር ይጎድልብኝ ነበር። የሸጥኳት ትልቋ ልጄ ለትምህርት ወደ ውጭ ስትሄድ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቷን ቮልሷ ከፈለች። ከገዛሁበት በላይ ነው ያወጣችው። ቀረጡ ከባድ በሆነበት አገር አሮጌ መኪና ዋጋው አይወርድም፤ ስለዚህ መኪና ለእኛ ጥሪት ነው፤ የሚሸጠውም ሲሰለች ሳይሆን ሲቸግር ነው። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ ያለ ማቅማማት እሸጣታለሁ፤ መሪዋ ግን አሁንም እጄ ላይ አለ።

ቮልስ ደግሞ ወገን አላት። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ እኛ ዘንድ ያሉት ገና ያገለግሉ ነበር። ዛሬ ወጣቶች እየፈለጉ ይገዟታል፣ ቀለም ይቀቧታል፣ ለሠርግ ያሰልፏታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሞተሯን አውርደው በባትሪ የሚያስኬዷትም አሉ። ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸውና ማውረዱ ቀላል ነው፤ ሌላውን እነሱ ያውቃሉ።

ሴቼንቶን ግን ማንም አልጠበቃት። የነገሥታቱን ሠረገላ የሚጠብቅ ባለሙያ አለ፤ የቤተሰብን ቮልስ የሚጠብቅ ፍቅር አለ። ታክሲ የሁሉ ስለሆነች የማንም አይደለችም፤ እስክታልቅ ትሠራለች፣ ስታልቅ ትፈታለች።

ይኸው ዕጣ አሁን በታክሲነት በተከተለቻት ላዳ ላይ ደርሷል። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ስትወለድ ከፊያት 124 የተቀዳች ናት፤ ለዚህ ነው ጋራዣችን ስትገባ እጃችን ያልደነገጠው። ባትሪ ቢደክማት በማኖቬላ ትነሣለች። ስንቱን ነፍሰ ጡር ለሐኪም ቤት፣ ስንቱን ሙሽራ ለሠርግ ያደረሰች ናት። አሁን በአዳዲሶቹ እየተተካች ነው፤ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ቅርጫው ተጀምሯል። ማዘጋጃ ቤቱም ይሁን አንድ ባለሀብት፣ ገና ርካሽ ሳለች አንዷን ከነቀለሟ፣ ከነማኖቬላዋ፣ ሙሉ አካሏን ይግዛና ሕዝብ የሚያያት ቦታ ያቁማት። የእጅ ዋጋ አላስከፍልም፤ ሞተሯን እኔ አስነሣለሁ።